«ይበወዝ» ከማለታችን በፊት
የብሪጅ ካርታ እደላ ስህተትና የዳኛው ውሳኔ

የካርታ ጨዋታ ጠብ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከሽንፈት ሳይሆን ከእደላ ነው፡፡ አንዱ 14 ካርታ ይደርሰዋል፤ ሌላው 12፡፡ ወይም ሲታደል የአንዱ ካርታ ፊት ይገለጣል፡፡ ወይም አዳዩ ሁለት ካርታ አጣብቆ ለአንድ ሰው ይሰጣል፡፡ ኮንከር በለመደ ጠረጴዛ ላይ ወዲያው የሚሰማው ቃል «ይበወዝ!» የሚል ነው፡፡ ደካማ ካርታ የደረሰው ሰው በደስታ ይስማማል፡፡ ጥሩ የደረሰው ደግሞ «ምን አለበት፣ እንቀጥል» ይላል፡፡ ክርክሩ የደንብ ይመስላል እንጂ በውስጡ ያለው የጥቅም ክርክር ነው፡፡

አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአንድ ወዳጃችን ሳሎን ተሰብስበን ብሪጅ እንጫወታለን፡፡ ሲበዛ ሦስት ጠረጴዛ እንሞላለን፡፡ መሐንዲስ፣ የሂሳብ ሠራተኛ፣ የመጋዘን ኃላፊና ጡረታ የወጣ መምህር በመካከላችን አሉ፡፡ ዳኝነቱ ከተሰጠኝ ወዲህ ለጥያቄ የምጠራባቸውን ጉዳዮች ስመለከት አብዛኞቹ ከእደላና ከካርታ ቆጠራ ጋር የተያያዙ ናቸው፡፡ ጨዋታውን በቢሮም ሆነ በሰፈር ለመጀመር ለሚያስቡ ሰዎች ይጠቅማል በሚል የደንቡን ዋና ዋና ነጥቦች ከዚህ በታች አቀርባለሁ፡፡

ብሪጅ ለማያውቁት

ብሪጅ አራት ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው በ52 ካርታ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው፡፡ ጥንዶቹ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ ቦታቸውም ሰሜን፣ ምሥራቅ፣ ደቡብና ምዕራብ ይባላል፡፡ እያንዳንዱ 13 ካርታ ይደርሰዋል፡፡ በመጀመሪያ ጨረታ አለ፤ ማን ስንት ዙር አሸንፋለሁ ብሎ ቃል እንደሚገባ የሚወሰንበት ነው፡፡ ቀጥሎ ቃሉን ለመፈጸምና ለማክሸፍ ካርታ ይጣላል፡፡

ዛሬ የሚታወቀውን የነጥብ አሠራር አሜሪካዊው ሃሮልድ ቫንደርቢልት እ.ኤ.አ. በ1925 አወጣው፡፡ የዓለም ብሪጅ ፌዴሬሽን በ1958 ኦስሎ ላይ ተቋቋመ፤ ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴም በ1999 እውቅና ሰጠው፡፡ በእኛ ሲኒማ ቤቶች ትውልድ ዘንድ በ«ሎውረንስ ኦቭ አረቢያ» የሚታወቀው ግብፃዊ ተዋናይ ኦማር ሸሪፍ በ1964 አገሩን ወክሎ በዓለም የብሪጅ ውድድር ላይ ተሰልፏል፡፡

ለጉዳያችን ዋናው ነገር የክለብ ብሪጅ ከቤት ጨዋታ የሚለይበት ነጥብ ነው፡፡ በክለብ አንድ ጊዜ የታደለ ካርታ በአንድ ጠረጴዛ ብቻ ተጫውቶ አይቀርም፡፡ ቦርድ የሚባል አራት ኪስ ያለው መያዣ አለ፡፡ እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን 13 ካርታ መጨረሻ ላይ ወደ ኪሱ ይመልስና ቦርዱ ወደ ሌላው ጠረጴዛ ይዛወራል፡፡ ሁሉም ያንኑ ካርታ ይጫወታል፡፡ አሸናፊው ጥሩ ካርታ የደረሰው ሳይሆን በዚያው ካርታ ከሌሎች የተሻለ የሠራው ነው፡፡ እንግዲህ አንድ ካርታ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ቢሳሳት የሚበላሸው የአራት ሰዎች ጨዋታ ብቻ ሳይሆን የሁሉም ጠረጴዛዎች ንጽጽር ነው፡፡ «ይበወዝ» ማለት ቀላል የማይሆነውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ቦርዱን ቀድመው የተጫወቱ ሰዎች አሉና፡፡

ሕጉ የሚጠይቀው «መቼ ታወቀ?» ብሎ ነው

የዓለም ፌዴሬሽኑ በ2017 ያሳተመው የሕግ መጽሐፍ 93 ሕጎች አሉት፡፡ በመግቢያው ላይ ዓላማው ጥፋተኛን መቅጣት ሳይሆን ያላጠፋው ወገን እንዳይጎዳ ነገሩን ማስተካከል መሆኑን ይገልጻል፡፡ የእደላ ስህተትንም በዚሁ መንፈስ ያያል፡፡ «ማን አጠፋ?» ከሚለው ይልቅ «ስህተቱ መቼ ታወቀ?» የሚለው ይቀድማል፡፡ ጊዜውን በአራት ከፍለን እንየው፡፡

አንደኛ፣ በእደላው ጊዜ፡፡ ካርታው በደንብ መበወዝ አለበት፤ ተጋጣሚ ከጠየቀም ይቆረጣል፡፡ እደላው ፊቱ ተደፍቶ፣ አንድ አንድ ካርታ እየተባለ ነው፡፡ በተከታታይ ያሉ ሁለት ካርታዎች ለአንድ እጅ አይሰጡም፤ በሰዓት አቅጣጫ መዞርም ይመከራል (ሕግ 6)፡፡ ዳኛው ሌላ ትዕዛዝ ካልሰጠ በስተቀር ሲበወዝም ሆነ ሲታደል ከሁለቱም ወገን ሰው መገኘት አለበት፡፡ የእቁብ ዕጣ በአባላት ፊት እንደሚወጣ ማለት ነው፡፡ ቀለበት መንገዱ ተዘግቶ የዘገየ ሰው ካለ ቀድሞ የደረሰ ጥንድ ብቻውን አድሎ መጠበቅ የለበትም፡፡

መበወዝ ስንል ጥቂት ካርታ ከላይ ከላይ እየቀነጠቡ መገልበጥ ማለት አይደለም፡፡ የሒሳብ ሊቃውንቱ ዴቭ ቤየርና ፐርሲ ዲያኮኒስ በ1992 ባሳተሙት ጥናት ካርታውን ለሁለት ከፍሎ ጫፎቹን እያጠላለፉ መበወዝ ሰባት ጊዜ ያህል እንደሚያስፈልገው አሳይተዋል፡፡ ከላይ እየቀነጠቡ መበወዝ ግን እጅግ ብዙ ጊዜ ካልተደጋገመ የቀደመውን አሰላለፍ ይዞ ይቀራል፡፡ የ52 ካርታ እደላ 53,644,737,765,488,792,839,237,440,000 ዓይነት መልክ ሊኖረው ይችላል፡፡ ይህን ሁሉ ዕድል ሦስት ጊዜ ብቻ ገልብጦ «በቃ» ማለት ማባከን ነው፡፡

ሁለተኛ፣ ከመጀመሪያው ጥሪ በፊት፡፡ ካርታው በትክክል አለመታደሉ ወይም ሲበወዝና ሲታደል አንድ ተጫዋች የሌላውን ካርታ ፊት ሊያይ ይችል እንደነበር ጨረታው ከመጀመሩ በፊት ከታወቀ እንደገና ይበወዛል፤ እንደገናም ይታደላል፡፡ «ሊያይ ይችል ነበር» የሚለውን ልብ ይበሉ፡፡ «እኔ አላየሁም» የሚል መሐላ አያስፈልግም፤ ማንም አይመረመርም፡፡ ደንቡ ሰውን ከሐሰትም ከሐሜትም ያድናል፡፡ የእኛ አገር «ይበወዝ» ሙሉ በሙሉ ትክክል የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፡፡

ይህ ግን በዚያው ጠረጴዛ ላይ ገና ለታደለ ቦርድ ነው፡፡ ቦርዱ ከሌላ ጠረጴዛ ተጫውቶ የመጣ ከሆነና 14 እና 12 ካርታ ከተገኘ እደላው ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው ወደ ኪስ ሲመለስ ነው፡፡ በዚህ ጊዜ አይበወዝም፡፡ ዳኛው የእደላው መዝገብ ካለ መዝገቡን ያያል፤ ከሌለ ቀደም ሲል የተጫወቱትን ጠይቆ ካርታውን ወደ ባለቤቱ ይመልሳል፡፡ የሌላውን ካርታ ያየ ሰው ከሌለ ጨዋታው እንደወትሮው ይቀጥላል፡፡

ሦስተኛ፣ ጨረታ ከተጀመረ በኋላ፡፡ ቁጥሩ የተሳሳተ ካርታ የያዘ ሰው ጥሪ ካደረገ ነገሩ ይከብዳል (ሕግ 13)፡፡ ዳኛው እደላውን አስተካክሎ በወጉ መጫወት ይቻላል ብሎ ካመነ ጥሪዎቹ ሳይለወጡ እንዲቀጥል ያደርጋል፤ በመጨረሻም ነጥቡን ሊያስተካክል ይችላል፡፡ አይቻልም ካለ ጨዋታው ቀርቶ የተስተካከለ ነጥብ ይሰጣል፡፡ ያላጠፋው ወገን ቢያንስ 60 በመቶ፣ በከፊል ያጠፋው 50 በመቶ፣ ያጠፋው ቢበዛ 40 በመቶ ያገኛል፡፡

ከዚህ ጋር የሚምታታ ሌላ ጉዳይ አለ፡፡ አንዱ 12 ይዞ ማንም 14 ካልያዘ ካርታው ጠፍቷል ማለት ነው (ሕግ 14)፡፡ የመጀመሪያው ካርታ ከመከፈቱ በፊት ከታወቀ ዳኛው ያስፈልጋል፤ ከተገኘ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ ካልተገኘ በሌላ ካርታ እደላው እንደነበረ ይሠራል፡፡ ዘግይቶ ከታወቀና ካርታው ለምሳሌ ወንበር ሥር ከተገኘ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ በዚያ ሰው እጅ እንደነበረ ይቆጠራል፡፡ በመካከሉ ያንን ዓይነት ካርታ መጣል ሲገባው «የለኝም» ብሎ ሌላ ጥሎ ከሆነ እያለው እንደከለከለ ሊቆጠርበት ይችላል፡፡ «ወድቆ ነው» የሚለው ምክንያት አያድነውም፡፡

ከኮንከር ማሸጊያ የተረፈ ጆከር ወይም የሌላ ማሸጊያ ካርታ ከተቀላቀለ መፍትሔው ቀላል ነው፡፡ ትርፉ ካርታ ይወጣል፤ ጨረታውም ጨዋታውም ይቀጥላል፡፡ ዳኛው ነጥብ ወደ ማስተካከል የሚሄደው ያ ካርታ ባለቀ ዙር ላይ ተጥሎ ከተገኘ ነው፡፡

አራተኛ፣ ጨዋታው ካለቀ በኋላ፡፡ አንዱ ከ13 በላይ ሌላው ከ13 በታች ይዘው እንደነበር ኋላ ከታወቀ ውጤቱ ይሰረዛል፡፡ «ያቺ አንዲት ሁለት ቁጥር ምንም አልለወጠችም» የሚል ክርክር ተቀባይነት የለውም፡፡ ካርታው ሳይበወዝ እንደተደረደረ የታደለ ከሆነም ውጤቱ አይጸናም፡፡ በሌላ በኩል አራቱም «ፓስ» ያሉበትን ቦርድ እንደገና ማደል በክለብ ብሪጅ ክልክል ነው፤ ዜሮ ተመዝግቦ ያልፋል፡፡ በሌላ ጠረጴዛ በዚያው ካርታ ደፍሮ የጠራና የተቀጣ ሊኖር ይችላል፤ ዝም ማለትም ውሳኔ ነው፡፡

ቆጥሮ መረከብ

ከላይ ከተዘረዘሩት ችግሮች አብዛኞቹን አንድ ልማድ ያስቀራቸዋል፡፡ ሕግ 7 ተጫዋቹ ካርታውን ከኪሱ ሲያወጣ ፊቱን ሳያይ 13 መሆኑን እንዲቆጥር፣ ከዚያ በኋላ ብቻ እንዲያይ ያዛል፡፡ በመጋዘኖችና በፋብሪካዎች በተሞላው ሰፈራችን ይህን ማስረዳት አያስቸግርም፡፡ ዕቃ ሳይቆጥር ሞዴል 19 የሚፈርም ንብረት ክፍል የለም፡፡ ከፈረሙ በኋላ «ጎድሎ ነው የመጣው» ማለት ራስን ማስጠየቅ ነው፡፡ በብሪጅም የመጀመሪያ ጥሪ ፊርማ ነው፡፡ ከጥሪው በፊት የተገኘ ጉድለት የማንም ዕዳ ሳይሆን ይታረማል፤ ከጥሪው በኋላ ግን ያልቆጠረውም ተጠያቂ ነው፡፡ ፊቱን ሳያዩ መቁጠር ደግሞ ትልቅ ጥቅም አለው፤ 14 ሆኖ ቢገኝ እንኳ የሌላ ሰው ካርታ አልታየምና ቦርዱ ይተርፋል፡፡

ዳኛ መጥራት ክስ አይደለም

ለእኛ ከሕጉ ሁሉ የሚከብደን የካርታው ክፍል ሳይሆን ይሄኛው ነው፡፡ በዕድሜ የሚበልጠንን ሰው፣ የቤቱን ባለቤት፣ የመሥሪያ ቤት አለቃን ፊት ለፊት ተቀምጦ «ዳኛ!» ብሎ መጣራት ድፍረት ይመስላል፡፡ ይሉኝታ ይይዘናል፡፡ ስለዚህ ጉዳዩን በሹክሹክታ እንጨርሰዋለን፡፡

በእኛው ስብስብ አንድ ጊዜ የሆነው እንዲህ ነው፡፡ ቦርዱ ሁለተኛው ጠረጴዛ ሲደርስ አንዱ 14፣ ሌላው 12 ቆጠሩ፡፡ ዳኛ ላለማስቸገር ብለው ባለ 14ቱ ፊቱን ሳያይ አንድ ካርታ መዝዞ ለባለ 12ቱ ሰጠው፤ ሁሉም ተስማሙ፤ ተጫወቱ፡፡ ያች የተመዘዘች ካርታ ግን የጎደለችዋ አልነበረችም፡፡ ነጥብ ሲነጻጸር የአንደኛው ጠረጴዛ ሰዎች «እኛ ጋ ንጉሡ የነበረው በምሥራቅ እጅ ነው» አሉ፤ የሁለተኛው «ደቡብ ጋ ነው» አሉ፡፡ ከዚያ ንግግሩ ስለ ካርታ መሆኑ ቀረና ስለ ታማኝነት ሆነ፡፡ ለዓመታት ወዳጅ የነበሩ ሁለት ሰዎች ለወራት ሰላምታ ተቋረጡ፡፡ በቅን ልቦና ያልተሠራ አንድም ነገር አልነበረም፡፡ ዳኛ ተጠርቶ ቢሆን የመጀመሪያውን ጠረጴዛ ሰዎች ጠይቆ በሁለት ደቂቃ ይጨርሰው ነበር፡፡

ሕጉ በዚህ ላይ ግልጽ ነው፡፡ ስህተት መኖሩ በጠረጴዛው ላይ ከተነገረ ዳኛ ወዲያው መጠራት አለበት፤ ዳኛው እስኪያስረዳም ማንም ምንም አያደርግም (ሕግ 9)፡፡ ማስተካከያውን የመወሰን መብት የዳኛው ብቻ ነው፤ ተጫዋቾች በራሳቸው ሊወስኑም ሆነ ምሕረት ሊያደርጉ አይችሉም (ሕግ 10)፡፡ ያላጠፋው ወገን እንኳ ዳኛ ሳይጠራ ከቀጠለ መብቱን ሊያጣ ይችላል (ሕግ 11)፡፡ እጁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ የተቀመጠው ተጫዋች፣ ደሚ የሚባለው፣ ጨዋታው ሳያልቅ ስህተት መጠቆም አይፈቀድለትም፤ ሌላው ከጠቆመ በኋላ ግን እርሱም ዳኛ መጥራት ይችላል፡፡

«ምሕረት ማድረግ አይቻልም» የሚለው ለአበሻ ጆሮ ይከብዳል፡፡ ምክንያቱ ግን ቀላል ነው፡፡ የእኔ ቸርነት የሚከፈለው በሌላ ሰው ኪስ ነው፤ በሌላው ጠረጴዛ ያሉት ጥንዶች ነጥብ በእኔ ውጤት ይወጣል ይወርዳልና፡፡

ዳኛው እንዴት ይወስን?

ዳኛው መጀመሪያ ሁሉንም ያዳምጣል፤ ተጫዋቾቹ በነገሩ ከተስማሙ ሕጉን ከመጽሐፉ አውጥቶ ያነባል፡፡ በቃል ከማስታወስ መጽሐፉን መግለጥ ይሻላል፤ ሰው የሚቀበለው ፊቱ የተነበበለትን ነው፡፡ ካልተስማሙ በሰበሰበው ማስረጃ ሚዛን ይበልጥ ወደሚመስለው ያዘነብላል፡፡ አጠራጣሪ ነጥብ ካለ ላላጠፋው ወገን ይፈርዳል፡፡ ዳኛው ራሱ ተሳስቶ ፈርዶ ቦርዱ በወጉ ሊመዘገብ ካልቻለ ሁለቱም ወገኖች እንዳላጠፉ ተቆጥረው ነጥብ ይሰጣቸዋል (ሕግ 82)፡፡ የዳኛን ስህተት ዕዳ ተጫዋች አይከፍልም፡፡

የተሳሳተው ቦርድ በአንዳንድ ጠረጴዛ በአንድ መልክ፣ በሌላው በሌላ መልክ ተጫውቶ ከሆነ ዳኛው ውጤቶቹን በሁለት ይከፍላቸዋል፡፡ ያንኑ መልክ የተጫወቱት እርስ በርስ ብቻ ይነጻጸራሉ (ሕግ 87)፡፡

እንደ እኛ ባለ ትንሽ ስብስብ ዳኛው ራሱ ተጫዋች ነው፡፡ እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄ ያስፈልጋል፡፡ አንደኛ፣ በራሱ ጠረጴዛ ለተነሳ ጉዳይ ከሌላ ጠረጴዛ ደንቡን የሚያውቅ ሰው አስቀድሞ ይመደብ፡፡ ሁለተኛ፣ ገና ወደ እርሱ ወዳልደረሰ ቦርድ ሲጠራ ተጫዋቾች ካርታቸውን ደፍተው ቁጥርና ቅደም ተከተል ብቻ ይንገሩት፡፡ ካርታ ማየት ግድ ከሆነ ቦርዱን አስቀድሞ የተጫወተ ሰው ይመልከተው፡፡

ቅር የተሰኘ ይግባኝ ማለት ይችላል፡፡ አዘጋጁ ሌላ ጊዜ ካልወሰነ በስተቀር ነጥቡ ለእይታ ከቀረበ ከ30 ደቂቃ በኋላ መብቱ ያበቃል፤ ሁለቱ አጋሮችም መስማማት አለባቸው (ሕግ 92)፡፡ ይህ ገደብ ደግ ገደብ ነው፡፡ ቅሬታው ከቡናው ጋር እዚያው ያልቃል፤ ወደ ሰኞ ቢሮ አይሄድም፡፡

ለጀማሪ ክለቦች

በእኛ ዘንድ የሠሩ ጥቂት ነጥቦችን ላካፍል፡፡ ጆከሮቹን ከማሸጊያው አውጥታችሁ ከጠረጴዛው አርቁ፡፡ እደላው ሁለቱም ወገን ባሉበት ይሁን፤ ካደላችሁ በኋላ እያንዳንዱ ኪስ 13 መሆኑን ቁጠሩ፡፡ ካርታችሁን ፊቱን ሳታዩ ቁጠሩ፤ ወደ ኪስ ከመመለሳችሁ በፊትም የራሳችሁን 13 ካርታ በወዝ በወዝ አድርጉት፤ የጣላችሁበትን ቅደም ተከተል ቀጣዩ ሰው እንዳያነበው፡፡ ቦርድ ላይ ያለ ካርታን ሌላው ወገን ሳይኖር አትንኩ፡፡ የዳኛውንና የተጠባባቂውን ስም ካርታ ከመነካቱ በፊት ጮክ ብላችሁ አሳውቁ፡፡

ከሁሉ በላይ ግን የመጀመሪያውን «ዳኛ!» የሚለውን ጥሪ በዕድሜ ወይም በማዕረግ ከፍ ያለው ሰው በራሱ ላይ ይጥራ፡፡ አንድ ትልቅ ሰው «አሥራ አራት ቆጥሬአለሁ፣ ዳኛ ይምጣልኝ» ሲሉ የሰማ ወጣት ከዚያ ወዲያ አያፍርም፡፡